የኦክሱን ቀን

ጋሼ ቤክ ቤት የገባሁት በፈረንጆቹ 2020 ፌብሩዋሪ ላይ ነው። አረጋውያንን ቤታቸው የሚጦር ሠራተኛ የሚልከው ኤጀንሲ ደውሎ፣ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ አሉ፣ እስካሁን ሦስት ሠራተኛ አባረዋል፣ ትሞክሪያቸዋለሽ ወይ አለኝ። እኔ ራቢያ፣ ኮምቦልቻ ላይ አማቴን አሥራ አንድ ዓመት የጦርኩ ሴት ነኝ። አማቴ እንኳን ሠራተኛ መልአክም ታባርር ነበር። አንድ ሽማግሌ ምን ያስፈራኛል ብዬ ሄድኩ።

ቤታቸው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኖርዝላንድ የሚባለው ሠፈር፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንድሪ ሠርተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ሱቁን ሸጠው ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። ሌሎቹን ሠራተኞች ያባረሩት በሸሚዝ ምክንያት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። ተኩሼ የሰቀልኩትን ሸሚዝ አዩት፣ አወረዱት፣ ውኃ ረጩበትና እንደ አዲስ ተኮሱት። ኮሌታ የሚጀመረው ከውስጥ በኩል ነው አሉኝ። እኔም አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲያ እኔ ምግቡንና መድኃኒቱን፣ እሳቸው ካውያቸውን ይዘን በሰላም ኖርን።

የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር አንድ ሙሉ ሰው አይወጣውም፤ ግን ተግባባን። ስማቸውን በደረቁ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሼ» አልኳቸው። ምን ማለት ነው ቢሉኝ፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚከበር ሰው አልኩ። እንደዚያ ብላ የምትጠራኝ አንዲት ልጅ ነበረች አሉ። አገሬን ሲጠይቁኝ ደግሞ ኢትዮጵያ ብል ብድግ ብለው ጎንበስ አሉልኝ። ወታደሮቻችሁ መጥተውልን ነበር አሉ። እኔም እንደ አገሬ ሰው ሁሉ ደረቴን ነፋ አድርጌ ልቀጥል ስል፣ «ግን ቤቴ ሳይደርሱ ቆሙ» አሉኝ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም።

ቤታቸው ኬሶንግ የምትባል ከተማ ነበረች። በ1950 ዲሴምበር ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበሩት ጋሼ ቤክ ከአባታቸው ጋር ወደ ደቡብ ወጡ። አያታቸው ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ እናታቸው ቀሩ፤ የዘጠኝ ዓመቷ እህታቸው ኦክሱንም ከእናቷ ጋር ቀረች። ሦስት ቀን ነው፣ እንመለሳለን ተባለ። ኦክሱን ግን አላመነችም። የወንድሟን እጅጌ ይዛ አለቅም አለች። ወንድሟም እጇን መትቶ አስለቀቃት። ጋሼ ቤክ ይህን ሲነግሩኝ የራሳቸውን መዳፍ ያዩ ነበር።

ሲወጡ ኬሶንግ የደቡቡ ነበረች። ተኩሱ ቆሞ መስመሩ ሲሰመር ግን ወደ ሰሜን በኩል ቀረች። ሰውየው አልተሰደዱም፤ ከተማቸው ናት ከኋላቸው የተሰደደችባቸው። ፖስታ የለ፣ ስልክ የለ፣ ሃምሳ ምናምን ዓመት ድፍን ዝም። በ2004 ቻይና ውስጥ ባለ አንድ ደላላ በኩል ከኦክሱን ደብዳቤ ደረሳቸው። አንዲት ፀጉሯን ያሳጠረች ሴትዮ፣ ቀጥ ብላ ቆማ የተነሳችው ፎቶ ነበረበት። ደህና ነኝ፣ ስንት ልጆች ወለድክ፣ እናታችን በ1967 ሞታለች ይላል። ስለ መዳፉ አንድ ቃል የለበትም። ከዚያ በኋላ ሦስት አጫጭር መልእክቶች መጡ፤ የመጨረሻው በ2018 ነው።

እኚህ ሰው በቀራቸው ዕድሜ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእህታቸውን ፊት አይተው፣ እጅሽን ስለመታሁ ይቅር በይኝ ማለት። የደቡቡ መንግሥት ቤተሰብ ሲያገናኝ የራሱን ዜጎች ነው፤ ጋሼ ቤክ ደግሞ አሜሪካዊ ከሆኑ ቆይተዋል። ስለዚህ እዚህ አገር ያሉ ኮሪያውያን ባዘጋጁት ዝርዝር ላይ ተመዘገቡ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ከተማ፣ የሚፈለገው ሰው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ያጥር ነበር። ሰዎቹ ስለተገናኙ አይደለም፣ ስለሞቱ ነው።

በ2018 የሁለቱ ኮሪያ መሪዎች ሲጨባበጡ በቴሌቪዥን አይተዋል። እኛም በዚያው ዓመት መጨባበጥ አይተናል አልኳቸው። ከአስመራ ጋር ታርቀን፣ ድንበሩ ተከፍቶ፣ ሰው አስፋልት ላይ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አብሬ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ በወራት ውስጥ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ አልኳቸው። ጋሼ ቤክ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሲጨባበጡ ሳይ የማየው የማይጨባበጠውን እጅ ነው፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደያዘ አሉኝ። ያኔ እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ቆጥሬው ሳቅሁ። በ2020 ኖቬምበር ላይ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ግን ነገሩ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2020 ጁን ላይ ነበር ሰሜኖቹ ኬሶንግ ውስጥ ያለውን፣ ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበትን ቢሮ በፈንጂ ያፈረሱት። ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ ያሳያል። ሕንፃው ይቀመጣል፣ ጭስ ይነሣል፣ እንደገና ይቀመጣል። እኔ አላህ ሆይ እያልኩ ጭሱን ሳይ፣ ጋሼ ቤክ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ከጭሱ በላይ በጣታቸው አሳዩኝ። ሶንጋክ ተራራ ነው፤ ቤታችን ከሥሩ በግራ በኩል ነበር አሉ። አገር ሲፈርስ እያዩ ሠፈራቸውን ነው የፈለጉት። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ሴፕቴምበር ላይ ጣጣዬ መጣ። ጋሼ ቤክ አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ግሬስ የምትባል፣ እዚሁ ኮሎምበስ ዳር ደብሊን በምትባል ከተማ የምትኖር፣ ኢንሹራንስ ካምፓኒ ውስጥ የምትሠራ። በኮሮናው ምክንያት አባቷን የምትጎበኘው በር ላይ ቆማ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ማስኳን አድርጋ ቆማ አገኘኋት። ደላላው ከቻይና ደውሎላት ነበር። ኦክሱን ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው፤ በ2019፣ በነሱ የጨረቃ አቆጣጠር በአሥረኛው ወር በዘጠነኛው ቀን። ወሬው ድንበር እስኪሻገር ይህን ያህል ቆየ፤ ድንበሩም በበሽታው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር። አሁን ወጥቼ ልንገረው ነው አለችኝ።

ክንዷን ያዝኳት። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል፤ እኔ ግን ጦም አላደርኩም። መርዶ እንዲህ አይነገርም አልኳት። ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም ደረጃ ላይ ተቁሞ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ! በእኛ ዘንድ ሰው ይሰበሰባል፣ ታላላቆች ይመረጣሉ፣ በማለዳ ሄደው ከበው ይነግሩታል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ይኖራል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። እዚሁ ኮሎምበስ የእናቷን ሞት ስምንት ወር የደበቅናትን ሴት ነገርኳት፤ እርጉዝ ስለነበረች ነው፤ ወልዳ ታርሳ ከጨረሰች በኋላ አረዳናት፤ ኋላም አመሰገነችን። ግሬስ ዓይኗ ውስጥ ዕንባ ነበረ፤ ከዕንባው ጀርባ ደግሞ እፎይታ አየሁ። መንገር ፈርታ ነበር። ላለመንገር ክቡር ምክንያት የሰጠኋት እኔ ነኝ።

የሚሰበሰቡት ሰዎች የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ተዘግቷል። ክትባት ይምጣና አልን። ክትባቱ ሲመጣ ጋሼ ቤክ በኩላሊት ሆስፒታል ገቡ፤ ይውጡና አልን። ሲወጡ ከስተው ነበር፤ ያገግሙና አልን። ልጄ ፍርዶስ ነገሩን ስነግራት ከስልኳ ቀና ብላ «ማሚ፣ ዩ አር ጀስት ላይንግ ቱ ሂም» አለችኝ፤ እየዋሸሻቸው ነው ማለቷ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ምን ያውቃል ብዬ ገሠጽኳት። ሌላው ቢቀር እሷ ቀጥ አድርጋ ነበር የተናገረችው።

በ2021 ጁላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ለተለያዩት የኮሪያ ቤተሰቦች መገናኛ መንገድ እንዲፈለግ የሚል ሕግ አሳለፈ። ገና ግማሽ መንገዱ ነው፣ ሌላውም ምክር ቤት ይቀረዋል፤ ግን ጋሼ ቤክን ማን ይያዛቸው። በቪዲዮም ቢሆን ያገናኙናል አሉ። ነጭ ሸሚዝ መርጠው በየሳምንቱ ይተኩሱት ጀመር፤ ሳይለበስ እየተተኮሰ ኮሌታው ሊሳሳ ደረሰ። ምግብም መብላት ጀመሩ።  የሞተች ሴት ልታየው ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ መድኃኒት መቁጠር እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሠራው ያውቀዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ዞሮ ወሎ ገባ። ደሴ ተያዘ፣ ኮምቦልቻ ተያዘ፣ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ እዚያ ናት። በቀን ሠላሳ ጊዜ እደውላለሁ፤ የሚመልስልኝ ያ የደንበኛውን ስልክ ማግኘት አይቻልም የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። ሥራ ግን አይቀርም። አንድ ቅዳሜ ተረኛ ሆኜ ገብቼ ሳህን ከእጄ አመለጠኝና ሰበርኩት። ጋሼ ቤክ ከእጄ ስባሪውን ተቀብለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና በዚያ ጉልበታቸው ቆመው ሩዝና ሾርባ ሠርተው ፊቴ አስቀመጡልኝ። ብይ፣ እናትሽን የምትጠብቂው በልተሽ ነው አሉኝ።

እየበላሁ ሳለ የራሳቸውን ነገር አጫወቱኝ። ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱም የአባታቸውን ወግ አልተዉም ነበር። ሰው የሞተበት ቀን በየዓመቱ ሲመጣ ማዕድ ይዘረጋለታል፤ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ማንኪያው ሳይቀር። የሞተበት ቀን ያልታወቀ ግን ማዕድ የለውም፤ በሰው ደጅ እየዞረ ይለምናል ይባላል አሉ። እናታቸው እስከ 2004 ድረስ እንደዚያ ነበሩ። የኦክሱን ደብዳቤ ሲመጣ ያለቀሱት እናታቸው ስለሞቱ እንዳልነበረ፣ ደብዳቤው የሞቱበትን ቀን ስለያዘ እንደነበረ ነገሩኝ። ቀኗን ሰጠችኝ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የተራበች እናቴን በዚያው ዓመት አበላኋት አሉ።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ለኦክሱን ማዕድ እስካሁን አልዘረጋሁም፣ ምክንያቱም በሕይወት አለች ብለው ፈገግ አሉ።

ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ራሴ እናቴ ትኑር ትሙት ሳላውቅ የሌላ ሰው ሞት ከአፌ ማውጣት ሟርት መስሎኝ ፈራሁ። ከቤታቸው እንደወጣሁ ለግሬስ ደወልኩና ቶሎ እንንገራቸው አልኳት። አሁን ደግሞ እሷ እኔን ሆና አገኘኋት፤ ዳያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበቱን ሊጀምር ነው፣ ትንሽ ይረጋጋና አለችኝ። ያስተማርኳትን መልሳ አስተማረችኝ። ዲሴምበር ላይ ኮምቦልቻ ስልክ ተከፈተ፤ እናቴ አለሁ ልጄ አለችኝ። አልሐምዱሊላህ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ጋሼ ቤክ ስነግራቸው ከእኔ በላይ ተደሰቱ፤ አየሽ፣ ዝም ያለ ሁሉ አይሞትም አሉኝ።

2022 ሲገባ ሰሜኖቹ በላይ በላዩ ሚሳይል ይተኩሱ ጀመር። በሞርስ ሮድ የኮሪያ ምግብ መሸጫ ግሮሰሪ ውስጥ እንኳ ሰው ስለ መታረቅ ማውራት አቆመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ኤፕሪል ላይ፣ ዝርዝሩን ከያዘው ማኅበር የመጡ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ካሜራ ይዘው ቤት የመጡት። መንገዱ ሲከፈት ለሰሜኖቹ ዘመዶች የሚላክ የቪዲዮ መልእክት እየቀረጹ ነው። ጋሼ ቤክ ወር ሙሉ ሲነግሩኝ ከርመዋል፤ ግሬስም ፈቃድ ወስዳ መጣች። ነጩን ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።

በኮሪያኛ ጀመሩ። ሁለት ቃል ብቻ ገባኝ፣ ኦክሱን የሚለውና ወንድምሽ የሚለው። ድምፃቸው የሽማግሌ አልነበረም። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን ለካሜራው አሳዩ። ግሬስን አየኋት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች የሉ፣ ማለዳ አይደለ፣ የሚይዛቸው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ያቁሙ» አልኩ። «ኦክሱን የለችም።»

ልጅቷ ካሜራውን ልታጠፋ እጇን ሰደደች፤ ጋሼ ቤክ ተይው ብለው በእጃቸው ከለከሏት። እኔን አላዩኝም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት።

«መቼ?» አሉ።

ግሬስ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ነገረቻቸው። አላለቀሱም። ተነሡና ግድግዳው ላይ ወዳለው፣ ከፈረንጁ ቀን ሥር የጨረቃው በትንንሽ ወደተጻፈበት ካላንደር ሄዱ። አዲሱን ሁልጊዜ በአሮጌው ላይ ነው የሚሰቅሉት። አዲሱን ገለጥ አድርገው የ2021ን ኖቬምበር አወጡ፣ በጣታቸው ወረዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አሥራ ሦስት፣ ቅዳሜ። ዞረው አዩኝ። ለእኔም ገባኝ። ሳህኑን የሰበርኩበት ቀን ነው። የእህታቸው ማዕድ በሚዘረጋበት ዕለት ሩዝና ሾርባ ሠርተው ያበሉት እኔን ነበር።

«ዝም በሉ ያለው ማን ነው?»

ግሬስ አፏን ከፈተች፤ ቀደምኳት። «እኔ ነኝ ጋሼ። ተስፋዎን መንጠቅ ፈርቼ ነው።»

«ተስፋ ሰባ ዓመት ሙሉ ነበረኝ» አሉ። «የጎደለኝ ቀን ነበር። ቀኗን ወሰድሽብኝ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ተመልሰው ተቀመጡና ለካሜራው ሌላ አጭር ነገር ተናገሩ። በኋላ ግሬስ ደረጃው ላይ ተረጎመችልኝ፤ እጅሽን ስለመታሁ ይቅር በይኝ፣ ሁለት ዓመት ሳላበላሽ ስለቀረሁም ይቅር በይኝ ነው ያሉት። ወጣቱ ፈራ ተባ እያለ ስማቸው ከዝርዝሩ ይውጣ እንደሆነ ጠየቀ። አይውጣ፣ መቃብርም ይፈለጋል አሉት። ከዚያ እንደ መሳቅ ብለው፣ ሁለቱ ኮሪያ አንድ መሆናቸው አይቀርም፤ የሚጠያየቅ ሰው ሁሉ ሞቶ ሲያልቅ አንድ ይሆናሉ፣ ያኔ ለማንም አይከብድም አሉ። ልጆቹ ካሜራቸውን አጥፈው ከሄዱ በኋላ እኔን ነገ አትምጪ አሉኝ።

ኤጀንሲው ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ሌላ ሴትዮ ሰጠኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እውነትን አሳድሬ ማቆየቴ ምን እንደሠራ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ለእሳቸው የሚሻላቸው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩላቸው፣ አላነሱም። ለግሬስም አልደወልኩም። የኦክሱን ቀን በዚያ ዓመት ኖቬምበር ሁለት ላይ እንደሚውል ከስልኬ ፈልጌ አወቅሁ። ያንን አንድ ማዕድ እንኳ ይድረሱበት እያልኩ በየሰላቴ ለመንኩ። አልደረሱም።

ኦገስት ውስጥ ከግሮሰሪ ወጥቼ ዕቃ መኪናዬ ውስጥ ስጭን ስልኬ ጮኸ። ግሬስ ናት። ሰላምታ አልሰጠችኝም። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከበው የሚይዙኝ ሰዎች የሉም።

«አባቴ ዛሬ ሞተ» አለችኝ። «ማክሰኞ፣ ኦገስት ዘጠኝ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥር። ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም። ከማንም በፊት ለራቢያ ደውለሽ ቀኑን ንገሪያት ብሎኝ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ይቅር ማለታቸው ይሁን ቅጣት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።